የክረምቱን ትምህርት ለምን አቀለልነው?



ይህን የምንጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከደባይ ጥላት ግን ወረዳ፣ ከቁይ ነው። ሐምሌ ገብቷል። ጧት በጮቄ በኩል ደመናው ይከመርና ከቀትር በኋላ ዝናቡ ይወርዳል። እኛ ሦስት ልጆች ያሉን ባልና ሚስት ነን። አንዳችን በመምህርነት ስንሠራ ቆይተናል፤ አንዳችን ትንሽ ሱቅ እንጠብቃለን። ትልቋ ልጃችን 14፣ መካከለኛው 10፣ ትንሿ 7 ዓመታቸው ነው።

ልጆችን ቤት ማስተማር ፈልገን የገባንበት ነገር አይደለም። መጀመሪያ የቀመስነው በኮሮና ጊዜ፣ መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ነበር። ያኔ ለጊዜው ነው ብለን ተጽናናን፤ እውነትም አለፈ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የመጣው ግን ሌላ ሆነ። በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ ልጆቻችን የሚማሩበት ትምህርት ቤት በመስከረም አልተከፈተም። «ከጥምቀት በኋላ» ተባለ፣ «ከፋሲካ በኋላ» ተባለ። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ እንደሆኑ በዜና ስንሰማ፣ ከእነዚያ ውስጥ ሦስቱ ከፊታችን ቁጭ ብለው ቆሎ ይበሉ ነበር።

ትልቋ ነገሩ እንደ ወትሮው ቢሆን ኖሮ ዘንድሮ ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ትቀመጥ ነበር። መካከለኛው ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሰ ቆመ። ትንሿ ደግሞ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ገብታ አታውቅም። አንድ ቀን እህቷ ስለ ባንዲራ ሰልፍ ስታወራ ሰምታ፣ «ሰልፍ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችን። ያን ሌሊት ሁለታችንም እንቅልፍ አልወሰደንም።

ስለዚህ ሳሎናችንን ክፍል አደረግነው። የጓዳውን በር ጥቁር ቀለም ቀብተን ሰሌዳ አበጀን። አሮጌ መጻሕፍት ለቃቅመን ጀመርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጆቹ ብዙ ነገር አወቁ። ነገር ግን ዛሬ ልንነግራችሁ የፈለግነው ያወቁትን ሳይሆን እኛ የሳትነውን ነው።

ያለፈው ዓመት፣ የ2016 ክረምት ሲመጣ፣ ከሁለታችን አንዳችን «አሁን ነው ጊዜው» አልን፤ ሌላችንም ተስማማን። የጠፋውን ዓመት በሁለት ወር ልንመልሰው አሰብን። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚል ሠሌዳ ጽፈን በሩ ላይ ለጠፍን። ውጭ ተኩስ በተሰማ ቀን እንኳ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናስተምር ነበር። ሰው ሲጠይቀን «ጌታ አበርትቶናል» እንል ነበር። እውነቱን ለመናገር ያበረታን ፍርሃት ነበር።

ነሐሴ ላይ አንድ ጧት የመካከለኛውን የሒሳብ ደብተር ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር አገኘነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ወርዶበት ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ቀለሙ ፈስሷል። ተቆጣን፤ አለንጋ እስከማንሳት ደረስን። «ማን ወረወረው?» አልነው። አልካደም።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ። ደብተሩ ካለቀ ትምህርቱም የሚያልቅ መስሎኝ ነው» አለን።

አለንጋውን አስቀመጥነው፤ ደብተሩን ግን ምድጃ አጠገብ አድርቀን በማግስቱ እንደገና ሰጠነው። ወገኖች ሆይ፣ ሰምተን አልሰማንም ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ሲጋመስ ትልቋ ቡና እያፈላች ሳለ ቀስ ብላ ጠየቀችን፦ «እማዬ፣ ክረምቱ ለእኛም ክረምት ነው?» መልስ አልነበረንም። «እንጸልይበታለን» አልናት። ብዙ ጊዜ ይህን ቃል የምንለው ጥያቄውን ለማለፍ ነው፤ ያን ጊዜ ግን በእውነት ጸለይን።

በዚያው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብለን አንድ የምናውቃቸው አዛውንት ገበሬ ዘንድ ሄደን ነበር። ቀኑ ገና እኩል አልሆነም፣ ዝናቡም አልጀመረም፤ እሳቸው ግን በሬዎቻቸውን ፈትተው ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል።

«አያ፣ ምነው ዛሬ በጊዜ ፈቱ?» አልናቸው።

«መሬቱ ውሃ ጠግቧል፣ ልጆቼ። ዋልካ እኮ ነው። አሁን ብገባበት ጭቃ አቦካለሁ እንጂ አላርስም። ሲደርቅም ጓሉ አይፈርስልኝም። በሬውንም በከንቱ እገድለዋለሁ» አሉን።

እኛ የከተማ ሰዎች የሚመስለን ገበሬ ጎበዝ የሚባለው ሳያቋርጥ ሲያርስ ነው። እሳቸው ግን መቼ ማቆም እንዳለባቸው ስለሚያውቁ ነው ጎበዝ የሆኑት። ለጤፍ መሬቱን ደጋግመው ያርሳሉ፤ ስንዴው የራሱ ጊዜ አለው፣ ባቄላው የራሱ። ዘሩ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ማረሻው ይሰቀላል፤ አረም እስኪደርስ ይጠበቃል።

ቤት ተመልሰን ትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 28ን ከቁጥር 23 ጀምሮ አነበብን። ብዙ ጊዜ አልፈነው የምንሄድ ክፍል ነው። ነቢዩ ስለ ገበሬ ይጠይቃል፦ ሊዘራ የሚያርስ ሰው ዘመኑን ሁሉ ሲያርስ ይኖራልን? መሬቱን ካለሰለሰ በኋላ እያንዳንዱን ዘር በየቦታው አይዘራምን? ይህንንም ማስተዋል የሚያስተምረው አምላኩ ነው ይላል። ሲወቃም ሁሉን በአንድ መሣሪያ አይመታም፤ ለስላሳው በዘንግ ይበቃዋል። እኛ ግን ሦስቱንም ልጆች በአንድ መንኰራኩር ስንወቃ ከረምን።

ሁለተኛው የመታን ቃል ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 5 ነው። ፈርዖን ለእስራኤላውያን ጭድ መስጠቱን አቆመ፤ የጡቡን ቁጥር ግን አልቀነሰም። ይህን ስናነብ ሁለታችንም ወደ በሩ ሠሌዳ ቀና አልን። ልጆቻችን አስተማሪ የላቸውም፣ በቂ መጻሕፍት የላቸውም፣ አብረዋቸው የሚቦርቁ ጓደኞች የላቸውም። ጭዱ ሁሉ ተወስዶባቸዋል። እኛ ደግሞ ያንኑ የጡብ ቁጥር፣ እንዲያውም የበለጠ፣ እንጠይቃቸው ነበር። በኦሪት ዘዳግም 5 ላይ እግዚአብሔር ሕዝቡን በሰባተኛው ቀን እንዲያርፉ ሲያዝ ምክንያቱን ይነግራቸዋል፦ ባሪያ ነበራችሁ፣ እኔም አወጣኋችሁ። እንግዲህ ዕረፍት የሰነፍ ነገር አይደለም። ነፃ የወጣ ሰው ምልክት ነው።

«ልጆቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ባክኖባቸው፣ እንደገና ማቅለል ነውን?» የምትሉን ትኖራላችሁ። እኛም ራሳችንን የጠየቅነው ይህንኑ ነው። መልሳችን እንዲህ ነው። ማቅለል ማቆም አይደለም። ንባብና ስሌት ለረጅም ጊዜ ከተተዉ ይረሳሉ፤ ስለዚህ እነዚህን አልተውንም። የተውነው የጠፋውን ሁሉ እኛው በጉልበታችን እንመልሳለን የሚለውን ሐሳብ ነው።

ለሌሎች ወላጆች ይጠቅም እንደሆነ የዘንድሮውን የሐምሌና የነሐሴ ዕቅዳችንን እንንገራችሁ።

የምንማረው ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው። ዝናቡ ሳይጀምር ያልቃል። በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ሦስት ነገር ብቻ እንሠራለን። እያንዳንዱ ልጅ ድምፁን አውጥቶ ያነባል። ቀጥሎ በአንድ የሒሳብ ርእስ ላይ ብቻ እንቆያለን፤ ለትልቋ ክፍልፋይ ነው፣ ምክንያቱም እሱ ካልገባት የሚቀጥለው ሁሉ አይገባትም። በመጨረሻ ትናንት ያዩትን አንድ ነገር በአምስት መስመር ይጽፋሉ። ትንሿ በአንድ መስመር።

ዓርብ የእጅ ሥራ ቀን ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል ስፋት ያለው የሃይላንድ ፕላስቲክ መርጠን አንገቱን ቆርጠን እንደ ማንቆርቆሪያ ገልብጠን ከተትነው። ታቹ ስለማይስተካከል ጠጠር ጨምረን፣ ውሃ ሞልተን፣ ውሃው የደረሰበትን «ዜሮ» ብለን ምልክት አደረግን። ከዚያ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ጻፍንበት። መካከለኛው በየጧቱ በአንድ ሰዓት ወጥቶ የሌሊቱን ዝናብ ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ውሃውንም እስከ ዜሮው ድረስ ይደፋል። ወሩ ሲያልቅ በግራፍ ይሥለዋል። ደብተሩን ለዝናብ የሰጠው ልጅ አሁን ዝናቡን በደብተር ይጽፋል። ይህን አስበን ያደረግነው አይደለም፤ በኋላ ነው ያስተዋልነው።

በገበያ ቀን ትልቋ ሒሳቡን ትይዛለች። የምንገዛው ስንት ኪሎ ነው፣ ዋጋው ስንት ነው፣ መልሱ ስንት ነው። ማታ ማታ እሳት ዳር እንቆቅልሽ እንጫወታለን። ያላወቀ አገር ይሰጣል። ቋንቋ በዚህም ይሰፋል። ቅዳሜ ደብተር አይነካም። እሑድ የጌታ ቀን ነው፤ ከጥቂቶች ወገኖች ጋር ተሰብስበን እናመልካለን።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም። በኦሪት ዘዳግም 6 እግዚአብሔር ወላጆች ለልጆቻቸው ቃሉን እንዲያስተምሩ ሲያዝ ቦታውን በአራት ጊዜያት ነው የሚገልጸው፦ ቤት ሲቀመጡ፣ መንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙ፣ ሲነሡ። ሰሌዳም ወንበርም አልጠቀሰም። የአገራችንም የቆየ ልማድ ይህን ያውቃል። ከእኛ ብዙም በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ስንት የቅኔ ተማሪ ከደሳሳ ጎጆ ወጥቶ ሊቅ ሆኗል።

አሁን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው፤ ሁሉ ነገር ሠመረ ብለን አናታልላችሁም። ሦስተኛው ቀን ላይ ከሁለታችን አንዳችን አራት ሰዓት ሲሞላ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ብለን እስከ አምስት ሰዓት ጎተትናቸው። ትንሿ ወደ በሩ ሄዳ በጣቷ «4» የሚለውን አሳየችን። አፍረን አቆምን። ትልቋ ክፍልፋይን ገና በደንብ አልያዘችም። ማታ ሲመሽ ያ የድሮው ፍርሃት ይመጣል፦ የሌላ ከተማ ልጆች እየቀደሟቸው ነው፣ ነገ ምን ይሆናሉ ይለናል። ያን ጊዜ አንዳችን ሌላችንን እንጠይቃለን፦ «ዛሬ መሬቱ ጠግቧል ወይስ ደርቋል?» ልጆቹ ደክመዋል ወይስ ተርበዋል ማለታችን ነው። የተራበን ልጅ እናስተምራለን። የደከመውን እናሳርፋለን።

አንድ ያልጠበቅነው ነገርም ሆነ። በአንደኛው ሳምንት ሁለት የጎረቤት ልጆች በራችን ላይ ቆመው ሲያዩ አገኘናቸው። እናታቸው የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ናት፤ ማንበብ አልተማረችም። «ልጆቼን ሁለት ሰዓት ብቻ ከሆነ ላስቸግራችሁ?» አለችን። እንደ አምናው ስድስት ሰዓት ቢሆን ኖሮ አትጠይቀንም ነበር፤ እኛም አቅም አይኖረንም ነበር። ዛሬ በምንጣፉ ላይ አምስት ልጆች አሉ። እሷም አልፎ አልፎ ትኩስ ቆሎ ይዛ ትመጣና ከበሩ አጠገብ ቁጭ ብላ ፊደሉን በዓይኗ ትከተላለች። ሸክማችንን ስናቀል ለሰው የሚሆን ቦታ ተገኘ።

መስከረም ላይ የትምህርት ቤቱ በር ይከፈት ይሆን? አናውቅም። እንዲከፈት፣ ለምድራችንም ሰላም እንዲሆን በየቀኑ እንጸልያለን። እናንተም ጸልዩልን። ቢከፈት ልጆቻችን የሚገቡት ደብተር የሚጠሉ ሆነው እንዳይሆን እንፈልጋለን።

ምናልባት ይህን የምታነቡ፣ ገና ጌታን በመፈለግ ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ። እናንተም የጠፋ ዓመት ይኖራችኋል፤ በልጅነታችሁ፣ በትዳራችሁ፣ በሥራችሁ። በገዛ እጃችሁ ለመመለስ ደክማችሁ ይሆናል። እኛ የምናውቀው ኢየሱስ የደከሙትን ወደ እኔ ኑ የሚል ጌታ ነው። ሥራችሁን ጨርሳችሁ ኑ አላለም።

የሰማይ አባት ሆይ፣ ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ የአንተ ናቸው። ያለፈባቸውን ዘመን አንተ ታውቃለህ። መቼ እንደምናርስ፣ መቼ በሬውን እንደምንፈታ አስተምረን። በፍርሃት ያናገርናቸውን ቃል ከልባቸው አጥፋልን። በየቤቱ ያሉትን፣ ማንም የማያስተምራቸውን ልጆች አስብ። ለአገራችን ሰላም ስጥ። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።