ባዶ ያልነበረው ቤት

በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ በተባለው ክፍለ ከተማ፣ ሪጀንትስ ካናል የሚሰኝ ሰው ሠራሽ የውኃ መንገድ ያልፋል። በዳርቻው፣ በሃገርስተን የማዘጋጃ ቤት ኪራይ ቤቶች መንደር ውስጥ፣ ሳሙኤል ሃውስ የተባለ የጡብ ሕንፃ ቆሞ ነበር። መንደሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ የሕንፃዎቹ ስያሜ የተወሰደው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የልብ ወለድ ደራሲ ከሳሙኤል ሪቻርድሰንና ከገጸ ባሕርያቱ ነው። ስሙ የሥነ ጽሑፍ፣ ኑሮው ግን የሠርቶ አደር ነበር።

መንደሩ ለብዙ ዓመታት እድሳት ተነፍጎት ከቆየ በኋላ፣ እንዲፈርስና በአዲስ እንዲተካ ተወሰነ። ነዋሪዎች ሲለቁ ማዘጋጃ ቤቱ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ፣ የተለቀቁትን ቤቶች መስኮቶች በደማቅ ብርቱካናማ ሳንቃ ይደፍን ጀመር። ዓላማው ያለ ፈቃድ የሚገባን ሰው መከልከል ነበር፤ ነገር ግን ሳንቃም ይናገራል። በካናሉ ዳር የሚያልፍ እግረኛ ቀና ሲል የሚያነበው አንድ ቃል ነበር፦ ባዶ። ከተደፈነው መስኮት አጠገብ ባለው ቤት ግን ምሳ ይበስላል፤ ልጅ ያለቅሳል፤ አላፊ አግዳሚው ስለ ሕንፃው መሞት ሲያወራ የሚሰማም ሰው አለ።

ባዶነት በከተማ ፕላን ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። እንግሊዝኛው እንዲህ ያለውን ሥራ የሚጠራበት ስም «ዳግም መወለድ» የሚል ፍቺ አለው፤ ዳግም የሚወለድ ካለ አስቀድሞ የሞተ መኖር አለበት። አማርኛው «መልሶ ማልማት» ይላል። ልደታን፣ ካዛንቺስን ወይም ፒያሳን የሚያውቅ አንባቢ፣ ይህ ቃል «የልማት ተነሺ» ከሚለው ባልንጀራው ጋር እንደሚመጣ አይስተውም። በሁለቱም ቋንቋዎች፣ ቀድሞ የነበረው ሕይወት በስያሜው ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ቤቱ በመዶሻ ከመፍረሱ በፊት በቃል ይፈርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ለዚህ ቃል መልስ ተሰጠ። የመንደሩ ነዋሪዎች የነበሩት የጥበብ ባለሙያዎች አንድሪያ ሉካ ዚመርማንና ላሴ ዮሐንሰን፣ ከትሪስታን ፌኔል ጋር ሆነው፣ 67 ብርቱካናማ ሳንቃዎችን በነዋሪዎች ትልልቅ ፎቶግራፎች ተኩ። የሥራው ርእስ «እዚህ ነኝ» የሚል ነው። አማርኛ ለዚህ ያጠረ ቃል አለው፦ «አለሁ»። አለሁ ማለት መኖርም፣ በስፍራው መገኘትም፣ ለሚጠይቅ መልስ መስጠትም ነው። በአገራችን ልማድ እንግዳ ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ከውስጥ ድምፅ ሲሰማ ቤቱ ሰው እንዳለበት ይታወቃል። ፎቶግራፎቹ ግን ማንም ሳይጣራ መለሱ። «ተነሺ» የሚለው ቃልም በዚያ ግድግዳ ላይ ፍቺውን ለወጠ፦ ከቦታው የሚነሣ ሳይሆን፣ በቦታው እንዳለ ፎቶግራፍ የሚነሣ።

ሥራውን ማሞገስ ቀላል ነው፤ ያላደረገውን መናገርም ተገቢ ነው። ሕንፃውን አላዳነውም፤ ሳሙኤል ሃውስ እ.ኤ.አ. በ2014 ፈረሰ። ባረጀና ባልታደሰ ቤት ለኖረ ሰው አዲስ ቤት መመኘት ነውር አይደለም፤ ቅሬታው ገና በሕይወት ሳሉ እንደሌሉ መቆጠር ነው። ጥበብም ብትሆን ከነቀፋ ነጻ አይደለችም። ሠዓሊያን የገቡበት ሰፈር ኪራዩ እንደሚወደድ ለንደን ደጋግማ አይታለች፤ የድሃ ፊትም ለመጪው ገዢ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ይህን ሥራ ከዚያ የጠበቀው የፎቶግራፉ ጥራት ሳይሆን የቆመበት ስፍራ ነው። ፊቶቹ የተሰቀሉት በገዛ ሰፈራቸው መስኮት ላይ ነው፤ ያነሷቸውም ያው ፍርስራሽ የሚጠብቃቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ዚመርማን የመንደሩን የመጨረሻ ሰባት ዓመታት ቀርጸው እ.ኤ.አ. በ2015 በፊልም አቀረቡ። በፊልሙ ውስጥ ነዋሪዎቹ የዕለት ኑሯቸውን ይኖራሉ፤ ታሪካዊ ትዕይንቶችንም ይተውናሉ። ከደራሲ የተዋሱትን የሕንፃ ስም፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ የራሳቸው ታሪክ አደረጉት።

ዛሬ በዚያ ስፍራ አዳዲስ አፓርታማዎች ቆመዋል። የካናሉ እግረኛ ብርቱካናማውን ሳንቃም ሆነ ፊቶቹን አያገኛቸውም። ሆኖም ያ ቤት ባዶ ነበር ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ከእንግዲህ 67 ምስክሮች ይቆሙበታል።