ቋጠሮው አለ፣ አንባቢው የለም



ፔሩ በደቡብ አሜሪካ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር የምትገኝ አገር ናት። ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት ይህችን አገርና ጎረቤቶቿን የገዛው የኢንካ መንግሥት ዋና ከተማው ኩስኮ ነበረች። ከተማዋ ወደ 3,400 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች፣ በወሎ ደጋ ያደግሁት እኔ እንኳ ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ። ወደዚያ የሄድነው ትምህርት ቤት በተዘጋበት በሐምሌ ወር፣ እዚህ ቨርጂኒያ አብረውን ከሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ጋር ነው። በአገራችን ሐምሌ ዝናብ ሲሆን፣ እዚያ ግን ሰማዩ የጠራበት፣ ሌሊቱ የሚያንቀጠቅጥበት በጋ ነው።

አንድ ቀን በማለዳ ሚኒባስ ተከራይተን፣ አስጎብኚ ይዘን ወጣን። አስጎብኚያችን የአካባቢው ተወላጅ፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ረጋ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ የወሰደን ፒሳክ ወደሚባለው ስፍራ ነበር። ከተራራው ወገብ እስከ ሸለቆው በድንጋይ የተካበው እርከን ሲታይ የኮንሶን ምድር ያስታውሳል።

በምሳ ሰዓት ከኡሩባምባ ወንዝ አጠገብ፣ በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ባሕር ዛፉ እንደ እኛ አገሩ ሁሉ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። ከወንዙ ማዶ እርከኑ፣ ከእርከኑ በላይ ደግሞ በረዶ የለበሰ ተራራ ይታያል። ስለ ሥጋ አስቀድመን ነግረነው ስለነበር አስጎብኚው ያቀረበልን የተቀቀለ ድንች፣ ፍሬው የተለቀ በቆሎ፣ አይብ፣ እንቁላልና የሚያቃጥል ቃሪያ ነው። ልጆቹ «ይሄማ የእኛው ምግብ ነው!» አሉ። ድንች የተገኘው ከእነዚሁ ተራሮች እንደሆነ፣ በቆሎና በርበሬም ከአሜሪካ ምድር ወጥተው ዓለምን እንዳዳረሱ ስነግራቸው ተገረሙ። የእኛ ወጥ ያለ በርበሬ ምን ይሆን ነበር?

ከምሳ በኋላ ዙህርና ዐስርን አጣምረን ሣሩ ላይ ሰገድን። ከዚያም አንዱ ልጅ የሐፈዘውን ቀራ። አስጎብኚው ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ይህን ሁሉ ከየት አገኘው?» ሲል ጠየቀኝ። ከአፍ ወደ አፍ እንደሚተላለፍ፣ እኔ ከሸኻችን፣ ሸኻችንም ከሸኻቸው እንደተቀበሉ አስረዳሁት። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ከቦርሳው ባለብዙ ቀለም የሱፍ ክር አወጣ። ከአንድ ወፍራም ገመድ ላይ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ተንጠልጥለዋል፤ በየክሩም ላይ ቋጠሮ አለ።

ይህ ለጎብኚ ማሳያ የተሠራ ኪፑ ነው። ኢንካዎች እኛ እንደምናውቀው ዓይነት ጽሑፍ አልነበራቸውም። የሕዝቡን ቁጥር፣ ግብሩን፣ የጎተራውን እህል የሚመዘግቡት በቋጠሮ ነበር። ሙያው ያላቸው ሰዎች ኪፑካማዮክ ይባላሉ። ሌላንድ ሎክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው ጥናት፣ ቋጠሮዎቹ አንድ፣ አስር፣ መቶ እየተባሉ በየደረጃቸው እንደሚቆጠሩ አሳየ። ታሪክ ይዘዋል የሚባሉትን ግን ዛሬ አንብቦ የሚነግረን ሰው የለም። ኪፑዎቹ በየሙዚየሙ በብዛት ተቀምጠዋል፤ የማንበቡ ትምህርት ግን ከመምህር ወደ ደረሳ መተላለፉ ተቋረጠ።

ከሰዓት በኋላ ኦያንታይታምቦ ደረስን። ማንኮ ኢንካ በ1536 በስፔኖች ላይ ተነሥቶ፣ በኋላም ጦራቸውን የመለሰው እዚህ ነው። ከላይ ጫፉ ላይ ስድስት ግዙፍ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዳንዶቹ ከ50 ቶን በላይ እንደሚመዝኑ ይገመታል። የተፈለጡት ከወንዙ ማዶ ካለ ተራራ ነው። የብረት መሣሪያና ጋሪ ያልነበረው ሕዝብ ወንዝ አሻግሮ፣ ዳገት አስወጥቶ አመጣቸው። በየመንገዱ የቀሩም አሉ፤ የአገሩ ሰው «የደከሙ ድንጋዮች» ይላቸዋል።

ከመካከላችን አንዲት ልጅ «ታዲያ ኢንካዎች የት ሄዱ?» ብላ ጠየቀች። ሰውዬው ፈገግ አለና «የትም አልሄድንም» አላት። መንግሥታቸው በእርግጥ ወድቋል፤ ንጉሡ አታዋልፓ በ1532 ተማረከ፣ የመጨረሻው ቱፓክ አማሩም በ1572 ኩስኮ ላይ ተገደለ። ነገር ግን ከፍርስራሹ ግርጌ ባለችው መንደር ሰዎች በኢንካ ግንብ መካከል ይኖራሉ፤ ኢንካዎች ባበጁት ቦይ ዛሬም ውኃ ይወርዳል። በ2017 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ፣ በፔሩ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አፍ የፈቱት በኬችዋ ነው። ሆኖም አስጎብኚያችን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ከእናቴ ጋር የማወራው በኬችዋ ነው፤ ልጆቼ ግን የሚመልሱልኝ በስፓኒሽ ነው» አለን። በሚኒባሱ ውስጥ የነበርን ወላጆች እርስ በርስ ተያየን።

ወገኖቼ፣ ይህን ያህል ድንጋይ ተራራ ላይ ያወጣ ሕዝብ መዝገቡን የሚያነብ አንድ ሰው አላተረፈም። ማንም በግንብ ያላጠረው፣ እናት ምድጃ ዳር ለልጇ የምትናገረው ቋንቋ ግን ወደ 500 ዓመት ተሻገረ። የሚያቆየው ነገር ጥንካሬ አይደለም፤ ዕለት በዕለት ከሰው ወደ ሰው መተላለፉ ነው። በየትውልዱ የሚቀበል ካለ ይኖራል፤ አንድ ትውልድ ካልተቀበለ ግን ቋጠሮው ብቻ ይቀራል።

በሰንበት የማስተምራቸው ልጆች ፊደል ፈጥነው ይይዛሉ። ከእነርሱ አንዱ አያቱ ከደሴ ሲደውሉ «እንዴት አደሩ፣ እማማ?» ማለት ስለሚያቅተው ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል። አያትየው የሚያውቁት ተረት፣ የዘር ሐረግ፣ የአባቶች ዱዓ ለእርሱ እንደዚያ የሱፍ ክር ነው፤ ቀለሙን ያያል እንጂ አያነበውም። ይህን መድረሳ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብቻውን አይሞላውም። የሚሞላው ማዕድ ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ከመኝታ በፊት የሚነገር ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ስልኩን ለልጁ እንስጠው። ቢንተባተብም አያቱ ይታገሡታል። እርሳቸው በሕይወት ሳሉ ይጠይቃቸው፤ እርሳቸውም ይንገሩት። አላህ ተቀባይ ልጆች አያሳጣን። አሚን።