ዴል ማለት ኢንቴል ነው?

ዛሬ የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ ነው።

አምና አንዲት የድሮ ተማሪዬ ያገለገለ ዴል ላፕቶፕ ልትገዛ ፎቶ ላከችልኝ። ላዩ ላይ የኤኤምዲ ምልክት አለው። እኔም እንደ አዋቂ «ዴል ኢንቴል እንጂ ኤኤምዲ አያስገባም። ይሄ ተነካክቷል፣ ተይው» አልኳት። ተወችው። እናቷ እቁብ ደርሷቸው ከሰጧት ብር ላይ ተበድራ ጨምራ፣ ኢንቴል የተለጠፈበት ሌላ ገዛች።

ባለፈው ሳምንት ጦር ኃይሎች፣ ባቡሩ መጨረሻ ጋ ተገናኘን። «ቲቸር፣ ያንን ጓደኛዬ ገዛችው። ከኔ ይፈጥናል» አለችኝ እየሳቀች። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ቤት ገብቼ ሳነብ የኔ እውቀት ለካ የ2006 በፊት ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ዴል ለረጅም ጊዜ ፕሮሰሰር የሚገዛው ከኢንቴል ብቻ ነበር። በማርች 2006 አሊየንዌር የሚባለውን የጌም ኮምፒውተር ሠሪ እንደሚገዛ አስታወቀ። አሊየንዌር ደግሞ ኤኤምዲም ይሸጥ ነበር፤ እንደ ድሮው እንዲቀጥልም ተደረገ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በሜይ፣ ዴል ራሱ የኤኤምዲን ኦፕትሮን ሰርቨሩ ውስጥ እንደሚያስገባ ተናገረ። በዚያው ዓመት ዴስክቶፑም ተከተለ።

ግዢው ብቻውን ነው ያመጣው አልልም። ኦፕትሮን ያኔ ጎበዝ ነበር፣ ተፎካካሪው ኤችፒም ይሸጠው ነበር። ከአንድ አቅራቢ ጋር መታሰርም ጥቅም ነበረው። የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ፣ ዴል ከኢንቴል ብቻ በመግዛቱ የሚያገኘውን ክፍያ ለባለአክሲዮኖች አልገለጸም ብሎ ከሶት፣ በ2010 ዴል ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

ነገሩ እኮ እንደ ሰፈር ሱቅ ነው። ከአንድ አከፋፋይ ብቻ ሲያመጣ የኖረ ባለሱቅ፣ ከሌላም የሚያመጣ የጎረቤት ሱቅ ሲገዛ ሁለቱም ዕቃ እጁ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ «ሌላ አላስገባም» ማለት ይከብደዋል።

እና ልጆቼ፣ ላፕቶፕ ስትገዙ የሠሪውን ስም አይታችሁ ስለ ውስጡ አትፍረዱ። ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ስምና ትውልድ እዩ። «ቲቸር ብሏል» ብላችሁም አትተዉት።

አንቺ ደግሞ ይህን ካነበብሽ፣ ይቅርታ። ያኔ «ቆይ፣ አላውቅም፣ አይቼ ልንገርሽ» ማለት ነበረብኝ።