ለአሮጌ መኪናም ጡረታ ቢኖር

ታርጋ የመኪና መታወቂያ ነው። የለመድነው ታርጋ ግን የመኪናውን ሥራ እንጂ ዕድሜውን አይነግረንም። ኮድ 1 ታክሲ፣ ኮድ 2 የቤት፣ ኮድ 3 የንግድ፣ ኮድ 4 የመንግሥት ነው። ትናንት ከወደብ የገባችውም፣ እኛ ልጆች ሳለን የምናውቃትም ኮድ 2 ከሆኑ እኩል ናቸው፤ መንገድ ለመውጣት ሁለቱም በየዓመቱ ተመርምረው ቦሎ መለጠፍ አለባቸው።

ይህን እንዳስብ ያደረገችኝ ደብረ ታቦር፣ አባታችን ግቢ ውስጥ የቆመችው ቮልስ ናት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውም ውኃ ሳይሆን አየር ስለሆነ አባታችን ለራዲያተር ውኃ ፍለጋ ሳይቆሙ ከወረታ ሜዳ እስከ ደጋው ይወጡባት ነበር። ታናሽ እህታችን የተወለደች ዕለት እናታችንን ሆስፒታል ያደረሰቻት እሷ ናት። የጎረቤት ሙሽሮችንም ተሸክማለች።

አባታችን ካረፉ በኋላ ግን በእሷ ጉዳይ አልተስማማንም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ «ቆማ ከምትበሰብስ ለመለዋወጫ ትሸጥ» አለ። ቨርጂኒያ የምትኖረው እህታችን ደግሞ የጎረቤቷን መኪና ፎቶ ላከችልን፤ የአሮጌ መኪና ልዩ ታርጋ የለጠፈ ነው። እዚያ 25 ዓመት የሞላው መኪና ይህን ታርጋ ማግኘት ይችላል። ባለቤቱ ግን ለዕለት ጉዳዩ ሌላ መኪና ሊኖረው ይገባል፤ አሮጌው የሚወጣው ለትርኢት፣ ለሰልፍና አልፎ አልፎ ለሽርሽር ነው። የቮልስ አገር ጀርመን ደግሞ 30 ዓመት ለሞላውና ይዞታው እንደ ጥንቱ ለተጠበቀ መኪና ከቁጥሩ መጨረሻ «ኤች» የምትል ፊደል ትጨምርለታለች፤ «ታሪካዊ» ለማለት ነው።

ወንድሜ ሳቀ። «ሰው ነዳጅ ለመቅዳት ተሰልፎ ይውላል፣ እናንተ ለቆመች መኪና ማዕረግ ትፈልጋላችሁ?» አለ።

እውነት አለው። እኛ አገር መኪና የሚገዛው እንጀራ ሊበላበት ነው፤ ያረጀውም እስኪወድቅ ይሠራል። ልዩ ታርጋ ግን አሮጌው መኪና በየቀኑ ይነዳ ማለት አይደለም፤ ከሥራ አርፎ በክብር ይቀመጥ ማለት ነው። እንደ ጡረታ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው በጠዋት ቢሮ አይገባም፤ ሞተ ተብሎም ዕቃው አይከፋፈልም። ይህን ከኛ ከአያቶቹ በላይ ማን ያውቃል?

ደብረ ታቦር ያለን ሰዎች ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከከተማችን አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ሰው እየጎተተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሰው የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ዛሬ «ተኩስ» የሚለው የለም። ሰው ግን ተራራ ወጥቶ ያየዋል። ቮልስም ብትሆን ከታሪካችን ውጭ አይደለችም፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነበር።

ለጊዜው የተስማማነው እንዳትሸጥ ነው። ሊብሬው አሁንም በአባታችን ስም ስለሆነ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተን ስም እናዛውራለን። እናንተም ግቢያችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሽማግሌ መኪና ካለ ሊብሬውን፣ የግዢ ውሉንና የድሮ ፎቶዎችን በአንድ ፖስታ አድርጉ፤ የት እንዳለም በሕይወት ሳላችሁ ለልጆች አሳዩ። የወለቀ መብራት ወይም የተቀየረ መሪ ቢኖር ለቁራሌው አትስጡት። አንድ ቀን ሕጋችን ለአሮጌ መኪና ቦታ ቢሰጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው የባለቤትነት ወረቀትና የጥንት አካሏ ይመስለኛል። ሕጉ ባይመጣም የልጅ ልጆቻችን የሚነኩት ነገር ይቀርላቸዋል።

ወንድሜ ነገሩ አሁንም አልተዋጠለትም። ሆኖም የመጠለያዋን ቆርቆሮ ለማደስ ገንዘብ ስናዋጣ መጀመሪያ ድርሻውን የላከው እሱ ነው።