የእውነቱ ገመድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ከመጻሕፍት ያጠናቀርሁትን ትምህርት አይደለም። በገዛ ቤታችን፣ በእናቴ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጬ የተማርሁትን ነው። ነገሩ ሲጀምር እጅግ ቀላል ነበር፤ ታናሽ እኅቴ አንድ ልብስ ፈለገች።

እኅቴ ያን ጊዜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ወሩ ግንቦት፣ ጊዜው በዓለ ኀምሳ ነው። የክፍሏ ልጆች ከመለያየታቸው በፊት በጋራ ከሚያከብሯቸው ቀናት በአንዱ፣ እያንዳንዱ የወደደውን የታሪክ ወይም የፊልም ሰው መስሎ ይለብሳል። እርሷ የመረጠችው ዋንደር ውመን የተባለችውን የአሜሪካ ልዕለ ጀግና ነበር። ልብስ አከራዮች ለአንድ ቀን 2,500 ብር ጠየቋት። ይህ ገንዘብ በእኛ ቤት የእናቴ የብዙ ቀን የስፌት ዋጋ ነው። ስለዚህ እኅቴ ለማንም ሳትነግር አያታችን የሰጠቻትን የወርቅ ጉትቻ ለመሸጥ አሰበች። እናቴ ጉትቻውን በደብተር ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ በድንገት ባታገኘው ኖሮ ሸጣው ነበር።

እናቴ ነገሩን ነገረችኝ። እኔም እኅቴን ጠርቼ እንደ ወንድም "ምን ገጠመሽ?" ብዬ በመጠየቅ ፈንታ፣ በዐውደ ምሕረት እንደ ቆመ ሰባኪ ንግግር ጀመርሁ። ስለ ዓለም ጌጥ ከንቱነት፣ ስለ ባዕድ ባህል፣ ስለ አለባበስ ሥርዓት ሩብ ሰዓት ያህል ተናገርሁ። ጸጥ ብላ ሰማችኝ። ስጨርስም፣ "ወንድሜ፣ ስብከትህን እሑድ እሑድ እሰማዋለሁ። ከመጀመሪያው ያልነገርሁህ ለዚህ ነው" አለችኝና ወደ መኝታዋ ገባች። ለሦስት ቀናት ከሰላምታ በቀር አላነጋገረችኝም።

እኔ ግን እልህ ያዘኝ። ስሕተቷን በማስረጃ ላሳያት ብዬ ስለዚህች ልዕለ ጀግና ማንበብ ጀመርሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. በሥዕል መጽሔት ላይ የወጣች ናት። የፈጠራት ዊልያም ሞልተን ማርስተን የሥነ ልቡና ምሁር ነበር፤ ሰው ሲዋሽ የደም ግፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ በመለካት ሐሰትን ለመለየት ምርምር ያደረገ ሰው ነው። መጀመሪያ የሣላት ኤች. ጂ. ፒተር ይባላል። በ2017 ደግሞ ፓቲ ጄንኪንስ የተባለች ሴት ያዘጋጀችው ፊልም በዓለም ዙሪያ አሳወቃት። በታሪኩ ውስጥ የባለታሪኳ ስም ዲያና ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ዲያና ማለት በኤፌሶን ብር ሠሪው ድሜጥሮስ ሐዋርያው ጳውሎስን በመቃወም ሕዝቡን ያስነሣባት አርጤምስ በሮማውያን ዘንድ የምትጠራበት ስም ነውና፣ ክርክሬን የምዘጋበት ነገር ያገኘሁ መሰለኝ።

ነገር ግን እኔ የማልፈልጋቸውን ነገሮችም አነበብሁ። በመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ላይ ይህች ሴት የለበሰችው እንደ ኋለኞቹ ዓመታት ያለ አጭር ልብስ ሳይሆን ነጭ ከዋክብት ያሉበት ሰማያዊ ጉርድ ነበር። በእጆቿ ያሉት አምባሮች ጥይት የሚመልሱ መከላከያዎች ናቸው። ከወገቧ የማይጠፋው የወርቅ ገመድ ደግሞ የታሰረበትን ሰው ሁሉ እውነቱን እንዲናገር ያስገድደዋል። ይህን አንብቤ ሳልናገር አለፍሁት።

ስለ አርጤምስ ያገኘሁትን ለእናቴ ነገርኋት። የመኪናውን መርገጫ ሳታቆም፣ "ልጄ፣ ልትሰግድላት ነው ወይስ አንድ ቀን ልትጫወት?" አለችኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት ቀጠለች፤ "ለልደት በዓል ድራማ ሄሮድስን ሆነህ የሠራኸው አንተ አይደለህም እንዴ? ዘውድህን ከካርቶን ቆርጬ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ታዲያ ሄሮድስ ሆነህ ቀረህ?" ሳቄ መጣ፤ ግን አልሳቅሁም። በዚያው ምሽት የእኅቴን በር አንኳኩቼ፣ "ጉትቻውን አትሽጪው፤ ልብሱን እዚሁ እንሠራዋለን" አልኋት። ጉርዱ ከጉልበት በታች እንዲሆን፣ ትከሻም እንዲሸፈን ብነግራት፣ "ተራቁቼ እወጣለሁ ብሎ ማን ነገረህ? አንተኮ ምን ዓይነት ልብስ እንዳሰብሁ አንድም ጊዜ አልጠየቅኸኝም" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

ሥራውን የጀመርነው በቤት ያለውን በመሰብሰብ ነው። ሰማያዊው ጉርድ የተገኘው እኅቴ የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ከለበሰችው የደንብ ልብስ ነው። እናቴ የጎኑን ስፌት ፈትታ ከሌላው አሮጌ ደንብ ልብስ በተቆረጠ ጨርቅ አሰፋችው፤ ከታችም ጨመረችበት። ቀዩ ላይኛ ልብስ ከአሮጌ መጋረጃ ተቆረጠ። ነጮቹ ከዋክብት ያለቀ አንሶላ ነበሩ። ኮከብ ቀላል ይመስላል፤ በእጅ ሲሣል ግን አንዱ ጫፍ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ስለዚህ ክብ ሣልሁና በየ72 ዲግሪው አምስት ነጥብ አስቀመጥሁ፤ ነጥቦቹን አንድ እየዘለልሁ ሳገናኛቸው ኮከቡ ተስተካከለ። አንዱን በካርቶን ቆርጠን ሌሎቹን በእርሱ ልክ ቆረጥን።

ለአምባሮቹ፣ ለግንባሩ ጌጥና በደረት ላይ ለሚሆነው ንስር ከሰፈራችን ጫማ ሰፊ ዘንድ ለጫማ ገበር የሚውል ስስ የፎም ንጣፍ በ180 ብር ገዛን። ማስቲሹ 70፣ የወርቅ ቀለም ስፕሬዩ 260፣ ለገመዱ የመጋረጃ ማሰሪያ 50፣ ላስቲኩ 40 ብር ሆነ። በድምሩ 600 ብር ነው፤ ከኪራዩ ሩብ እንኳ አይሞላም።

አምባሮቹን እኔ ልሥራ አልሁ። የምሕንድስና ተማሪ ነኝና ልኬት የእኔ ሥራ መሰለኝ። የእጇን አንጓ ዙሪያ ለክቼ ፎሙን በአራት ማዕዘን ቆረጥሁት። አንጓዋ ላይ ልክ ሆነ፤ ወደ ክርኗ ሲወጣ ግን አልዘጋ አለ። አስፍቼ ስቆርጥ ደግሞ በአንጓዋ በኩል ተንሸራተተ። ግማሹን ፎም በከንቱ ካባከንሁ በኋላ እናቴ መነጽሯን አድርጋ መጣች። አንጓውንና የክንዱን ወፍራም ክፍል ለየብቻ ለካች፤ በጋዜጣ ላይ ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ያለ፣ ጠርዞቹ እንደ ቀስት የጎበጡ ቅርጽ ሣለችና፣ "ክንድ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እጅጌ እንዲህ ነው የሚቆረጠው" አለችኝ። ጫፉ የተቆረጠ ሾጣጣ ቅርጽ ሲዘረጋ እንዲህ ያለ ቀስት እንደሚሰጥ በክፍል ውስጥ ተምሬ ተፈትኜበት አልፌያለሁ። እናቴ ግን ስሙን ሳታውቀው ስትሠራበት ኖራለች።

ለምትሞክሩት ጥቂት ልጨምር። ከፎሙ በፊት በወረቀት ቆርጣችሁ በሰውነት ላይ ልኩት፤ ወረቀት ቢበላሽ አይቆጭም። ፎሙ እንዲጎብጥ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና እስኪበርድ ድረስ በክንድ ላይ ጠቅልላችሁ ያዙት፤ ሲበርድ ቅርጹን ይይዛል። ማስቲሽ በሁለቱም ወገን ይቀባል፤ ወዲያው አይጣበቅም፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በጣት ሲነካ እርጥበቱ ሲጠፋ ነው የሚገጣጠመው። ሽታው ስለሚያሳምም መስኮት ክፈቱ። ፎም ቀለም ይመጥጣልና፣ ስፕሬዩን ከመርጨታችሁ በፊት የእንጨት ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ ሦስት ጊዜ ቀቡት፤ በየመካከሉም ይድረቅ። ቀለሙን ከቤት ውጭ፣ በስሱ ደጋግማችሁ እርጩ። አምባሮቹን በኋላ በኩል በትናንሽ ቀዳዳዎች የጫማ ክር አሳልፈን አሰርናቸው። የግንባሩን ጌጥ ከጀርባ በላስቲክ ያዝነው፤ ላስቲኩ በፀጉሯ ውስጥ ተሰወረ።

በበዓሉ ዋዜማ ማታ ሁሉም ነገር አለቀ። እኅቴ ለብሳ ወጣች። እናቴ እጇን በአፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እኔም ስለ ትከሻዋ መሸፈን ለማየት ረስቼ፣ የንስሩ ክንፍ ወደ ግራ ማዘንበሉን ነበር የማየው። ያን ጊዜ እኅቴ የመጋረጃውን ማሰሪያ ከወገቧ ፈትታ እየሳቀች እጄን ጠመጠመችብኝ።

"በዚህ ገመድ የታሰረ ሁሉ እውነቱን ይናገራል" አለች። "ንገረኝ እስቲ። የከለከልኸኝ ልብሱ ኃጢአት ስለሆነ ነው? ወይስ 'የዲያቆኑ እኅት' እንዳይሉህ?"

የእናቴ መኪና ቆመ። በቀልድ ላልፈው እችል ነበር፤ አርጤምስም በእጄ ነበረች። ነገር ግን ከአፌ ሊወጣ ያለውን መልስ ራሴ ሰማሁትና አፈርሁ። በዚያች ሩብ ሰዓት ስብከቴ ውስጥ ስለ እርሷ ነፍስ ያሰብሁበት ጊዜ አልነበረም። ያሰብሁት በደጀ ሰላም የሚያዩኝን ሰዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼን፣ "የራሱን ቤት ሳያስተካክል" የሚሉኝን ነበር። በ50 ሳንቲም የማይመዘን የሰው ወሬ ፈርቼ፣ ፍርሃቴን መንፈሳዊነት ብዬ ጠራሁት።

"እንዳይሉኝ ነው" አልሁ።

ገመዱን ቀስ ብላ ፈታችው። አልሳቀችም። "እኔም ጉትቻውን መደበቄ ልክ አልነበረም" አለች። እናቴ ምንም ሳትናገር መርገጫውን እንደገና ረገጠች።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ልብስ ምንም አይደለም እያልሁ አይደለም። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ አለባበስ የምታስተምረው አለ፤ እኔም አስተምረዋለሁ። ነገር ግን ቅዱሳት መጻሕፍት ልብስን ብቻውን ሲዳኙት አናይም። ዮዲት የመበለትነት ልብሷን አውልቃ ባጌጠች ጊዜ ሕዝቧን ለማዳን ወደ ጠላት ሰፈር እየሄደች ነበር። አስቴር ልብሰ መንግሥቷን ለብሳ ወደ ንጉሡ አደባባይ ስትገባ ሞትን ቆርጣ ነበር። ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ በእሴይ ቤት የኤልያብን ቁመት አይቶ ሊፈርድ ሲል እግዚአብሔር የሚያየው ልብን እንደ ሆነ ተነግሮታል። እኔ ደግሞ የእኅቴን ልብስ ገና ሳይሰፋ ፈረድሁበት። የራሴን ልብ ግን አላየሁም።

በዚያ ሰሞን ደጋግሜ ያሰብኋት በኢዮጴ የነበረችውን ጣቢታን ነው። ስትሞት መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር። ልዕለ ጀግና የሚለውን ቃል እናቴ አታውቀውም። ከሥራ በኋላ ግን አራት ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ መጋረጃና ደንብ ልብስ ስትሰፋ፣ ልጇ ከቤት ደብቃ የምታወጣው ነገር እንዳይኖራት እየሰፋች እንደ ሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። እኔ በቃል ልከለክላት የሞከርሁትን እርሷ በመርፌ መለሰችው።

በማግሥቱ እኅቴ በልብሱ ላይ ነጠላዋን ደርባ፣ በጆሮዋ የአያቷን ጉትቻ አድርጋ ወጣች። ታክሲ እስክትይዝ ሸኘኋት። በቤተ ክርስቲያኑ አጥር በኩል ስናልፍ ከማከብራቸው የሰበካው አባቶች አንዱ አገኙን። ነጠላው ነፋስ ሲገልጠው የወርቁን ንስር አዩና፣ "ዲያቆን፣ ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ። ከዚያ፣ "እኅቴ ናት አባቴ። ለትምህርት ቤታቸው በዓል ነው፤ ልብሱን የሠራነው እኔና እናቴ ነን" አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው አዩን። "እናታችሁን ሰላም በሉልኝ" ብለው አለፉ። ምን እንዳሰቡ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሳላውቅ መኖር ግን እየቻልሁ ነው።

እኅቴ አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። የግንባሩን ጌጥ ኮከቡን አንሥተን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ሰጠነው፤ በአስቴር ድራማ ላይ ዘውድ ሆኖ አገልግሏል። አምባሮቹ የወታደር ትጥቅ ሆኑ። ገመዱን ግን እኅቴ ለማንም አልሰጠችም፤ በመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ተሰቅሏል። እኔም በቤት ውስጥ ልቆጣ ስነሣ አንዳንድ ጊዜ ዓይኔ ወደዚያ ይሄዳል።

ታላቅ ወንድሞችና እኅቶች የሆናችሁ ሁሉ፣ ታናሾቻችሁ አንድ ነገር ሲደብቋችሁ ከመገሠጻችሁ በፊት ለምን እንደ ፈሩአችሁ ጠይቁ። ከቻላችሁም መቀሱን አንሥታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።