ከየትኛው ምንጭ?

የእናቴ ግራ ዓይን በግላኮማ ከጠፋ ሰንብቷል። የቀራት የቀኙ ነበር፤ እሱንም ሞራ ጋረደው። ደጅ የቆመውን ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ መለየት ሲያቅታት ቀዶ ሕክምናውን እሺ አለች። ሐኪሙ፣ «አይፍሩ እማማ፤ ሞራውን የምናወጣው ዓይንዎን በውሃ እያጠብን ነው» ቢሏት፣ ዕድሜ ልኳን ጸበል የተጠመቀች ሴት ናትና፣ «ከየትኛው ምንጭ?» ስትል ጠየቀች። ሐኪሙ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ።

ሐኪሙ ፈሳሹ ሁለት ዓይነት እንደሆነ ነግረውኝ ነበር። አንደኛው በየሆስፒታሉ በደም ሥር የሚሰጠው ሪንገር ላክቴት ነው (እኛ የሚንጠለጠለውን ሁሉ «ግሉኮስ» እንለዋለን እንጂ ይህ ግሉኮስ የለበትም)። ሁለተኛው ለዓይን ተብሎ የተቀመመ፣ ባይካርቦኔት፣ ግሉኮስና ግሉታታዮን የገባበት ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ሲድኒ ሪንገር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የእንቁራሪት ልብ አውጥቶ በጨው ውሃ ሲያኖር፣ ልቡ ለረጅም ጊዜ መምታቱን ቀጠለ። ኋላ ሲያጣራ፣ ረዳቱ ጨዉን የበጠበጠው በተጣራ ውሃ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ ኖሯል። በተጣራው ሲሞክረው ልቡ ቶሎ ደከመ። ምሥጢሩ የቧንቧው ውሃ ይዞት የመጣው ካልሲየም ነበር። እንግዲህ የእናቴ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ንጹሕ መሆን ብቻውን አይበቃም።

ሬቲናም ከልብ ያልተናነሰች ሆዳም ናት፤ ኦክስጂንና ስኳር ሳይቋረጥ ትሻለች። ብርሃን ሲያርፍባት ጥቂት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ ይህም ይለካል። ከጥንቸል ዓይን የተወሰደች ሬቲና ተራ የጨው ውሃ ውስጥ ስትቀመጥ ያ ምልክት እየደከመ ይሄዳል፤ ባይካርቦኔትና ግሉኮስ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ግን እጅግ የተሻለ ይቆያል።

ይህን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ተመለስሁ። በትዕግሥት አስረዱኝ። በሞራ ቀዶ ሕክምና ውሃው የሚፈሰው በፊት በኩል ነው፤ በእሱና በሬቲና መካከል የሌንሱ ከረጢት ጀርባና ዓይንን የሞላው ዝልግልግ ፈሳሽ አሉ። በደቂቃዎች ለሚያልቅ ሥራ ሪንገር ይበቃል፤ በየዘመቻው ስንት ሰው በእሱ ታጥቦ ብርሃኑን አግኝቷል።

«ከረጢቱ ቢቀደድስ ዶክተር?»

«አልፎ አልፎ ያጋጥማል። ያኔ ሥራው ይረዝማል፤ ውሃውም ወደ ኋላ ሊያልፍ ይችላል።»

አንድ ዓይን ብቻ ላላት ሴት «አልፎ አልፎ» ምን ማለት ነው? ተበድሬ ውዱን ገዛሁ። ያስገዛኝ ዕውቀት ይሁን ፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም።

ከረጢቱ አልተቀደደም። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም፤ ከጠርሙሱም ከግማሽ በላይ ተረፈ። አንዴ የተከፈተ ለሌላ ሰው አይውልምና ነርሷ ደፋችው።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ እናቴ መጀመሪያ ያየችው የሸሚዜን ቁልፍ መጉደል ነው። ቀጥላ ስለ ውሃው ጠየቀች። ዋጋውንና የተረፈው መደፋቱን ስነግራት፣ በዚያው ዓይኗ ትኩር ብላ አየችኝና፣ «ጸበል እንኳ ሲተርፍ ለጎረቤት ይሰጣል» አለች።