አንድ ስም በሁለት ፊደል

ሰው የሚያውቀውን ሲያስተምር ይመሰገናል፤ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ሲያስተምር ግን ራሱም ተሳስቶ ሌላውን ያሳስታል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚህ በሁለተኛው ወገን የቆምኩበትን ጊዜ የሚያሳይ ስለ ሆነ፣ አንባቢ ሆይ፣ ለመመካት ሳይሆን ለማስጠንቀቅ እንደ ተጻፈ ዕወቅልኝ።

የምኖረው በአሜሪካ፣ በምዕራብ ባሕር በኩል ባለችው በዋሽንግተን ስቴት፣ በሲያትል ከተማ ነው። በዚህ ስቴት ከ2011 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ) በየአውራጃው ምርጫ የሚደረገው በፖስታ ነው። የምርጫው ቀን 18 ቀን ሲቀረው የድምፅ መስጫው ወረቀት ወደ መራጩ ቤት ይላካል፤ መራጩም በቤቱ ተቀምጦ፣ አስቦ፣ የወደደውን ምልክት አድርጎበት፣ ወይ በፖስታ ቤት ይመልሰዋል፣ ወይም በየሰፈሩ በተተከለው የድምፅ ሣጥን ውስጥ ይጨምረዋል። ነገሩ እንግዳ ይምሰል እንጂ ሥሩ የቈየ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ በ1864፣ ብዙ ወታደሮች ከጦር ሰፈራቸው ሆነው ድምፅ ሰጥተዋል። ጎረቤታችን ኦሬገንም በ1998 ሕዝቡ ራሱ ወስኖ ምርጫውን በፖስታ አድርጎታል።

እኔ ግን ምርጫን የማውቀው በሌላ መልክ ነበር። በ2005 በአገሬ ሳለሁ ሌሊት ተነሥቼ ተሰልፌአለሁ፤ ጣቴም ቀለም ተነክሮ ምስክር ሆኖኛል። ስለዚህ ዜግነት ተቀብዬ በ2020 ያ ፖስታ ከቤቴ ሲደርስ፣ ሰልፍ የሌለበት፣ የጣት ቀለምም የሌለበት ምርጫ እንደ ጨዋታ ታየኝ። መምሪያውን ሳነብ ግን የቅኔ ቤት ልጅነቴ ተነሣብኝ። የድምፁ ወረቀት በውስጠኛ መሸፈኛ ይገባል፤ መሸፈኛውም ስምና ፊርማ ባለበት በውጭኛው ፖስታ ይገባል። ውጭኛው ሰም ነው፣ ውስጠኛው ወርቅ ነው አልኩ። ሰሙ ስም ይሸከማል፤ ወርቁ ስም የለውም፤ ሲቈጠርም ከፖስታው ተለይቶ ስለሆነ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በዚህ ምሥጢር እጅግ ደስ አለኝ።

ደስታዬም ወደ ትዕቢት አደረሰኝ። ከፖስታው ላይ የምፈርምበትን መሥመር ባየሁ ጊዜ፣ ብርዕ ይዤ ያደግሁ ሰው እንዴት ስሜን በባዕድ ፊደል እጭራለሁ ብዬ፣ በግዕዙ ፊደል አሳምሬ ጻፍኩት። ዘመኑ የወረርሽኝ ስለ ነበረ ሰው ከሰው አይገናኝም ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ሽማግሎች በስልክ ምክር ጠይቀውኝ ለሦስቱም “በራስዎ ፊደል ይፈርሙ፤ የአባቶቻችን ፊደል አያሳፍርም” ብዬ መከርኳቸው።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከምርጫው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣልኝ። ፊርማዎ በመዝገብ ካለው ጋር አይገጥምምና ካላስተካከሉ ድምፅዎ አይቈጠርም ይላል። መጀመሪያ ተቈጣሁ፤ ስሜን ማን ይጠራጠርብኛል አልኩ። ኋላ የመንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ባየሁ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ተራ የሚጠብቀው ሰው ከኋላዬ እየገፋኝ በላቲን ፊደል የጫርኩት ፊርማ ከዚያ ላይ ተቀምጦአል። ለምርጫ መዝገብ የተወሰደው እርሱ ነበረ። እንግዲህ ጥፋቱ የፊደሉ አልነበረም፤ አንዱን ስም በሁለት መልክ መጻፌ ነው እንጂ። ፊርማው ሳይታመን ፖስታው አይከፈትም፤ ሰሙ ካልተፈታ ወርቁ አይገኝም።

ከደብዳቤው ጋር የተላከውን ቅጽ ፈርሜ መለስኩ፤ ድምፄም ተቈጠረ። የቀረው የሦስቱ ሽማግሎች ነገር ነበር። ለሁለቱ በዚያው ቀን ደውዬ ነገርኳቸው፤ እነርሱም አስተካከሉ። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያከብሩኝ፣ ዜግነትም በዚያው ዓመት ያገኙ፣ የመጀመሪያ ድምፃቸውን የሰጡ አባት ነበሩ። ለርሳቸው “ተሳስቻለሁ” ማለት አሳፈረኝና ዛሬ ነገ እያልኩ ቀኑን አሳለፍኩት። የማስተካከያው ጊዜ የሚያበቃው ኖቬምበር 23 ነበር፤ እኔ ከደጃቸው የቆምኩት በ25ኛው ነው። ደብዳቤው ከሌሎች የማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተደራርቦ፣ ሳይከፈት፣ ከጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ከፍቼ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ጥቂት ዝም ብለው “መሪጌታ፣ በራስዎ ፊደል ይፈርሙ ብለውኝ አልነበረም?” አሉኝ።

“አዎን፣ አባቴ፤ ያሳሳትኩዎ እኔ ነኝ። ከዚያም በኋላ አፍሬ ዘገየሁ” አልኳቸው።

“ሰባ ዓመት ሙሉ ማንን ትወዳለህ ብሎ የጠየቀኝ መንግሥት አልነበረም። ሲጠየቅ ደግሞ መልሴ ከመንገድ ቀረ” አሉና፣ እንደ ገና ዝም ብለው ቈይተው “ይሁን፤ እርስዎ ግን ይህን ነገር ለሌላው ይንገሩት” ብለው አሰናበቱኝ።

ስለዚህ እነግራለሁ። ፊርማህ በመዝገብ እንዳለው ይሁን፤ በግዕዝ ፊደል መፈረም ከወደድህ አስቀድመህ የመዝገቡን ፊርማ አስለውጥ፣ ከዚያ ወዲያ በኩራት ፈርም። ከምርጫ ጽሕፈት ቤት የሚመጣ ደብዳቤ በቀኑ ይከፈት። ወረቀቱን በፖስታ ቤት የምትልክ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድመህ ላክ፤ ቀኑ ከቀረበ ግን ወደ ድምፅ ሣጥኑ ራስህ ውሰድ። ሥርዓቱ በየስቴቱ ልዩ ልዩ ነው፤ በ2024 ምርጫ ቨርጂንያ ከ45 ቀን በፊት ጀምራ፣ ሜሪላንድ ደግሞ ለ8 ቀን፣ መራጩ በአካል ቀርቦ አስቀድሞ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅደዋል። በአንዱ ስቴት ያለ ዘመድህ የሚነግርህ ለአንተ ስቴት ላይሆን ይችላልና የራስህን ጠይቅ።

እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል ሰውም ከመብቱ አይወጣም። ስለ ቋንቋ በ1975 የወጣው የፌዴራል ሕግ የእኛን ቋንቋ አይጨምርም፤ በ1982 የወጣው ግን ማየት ወይም ማንበብና መጻፍ የተሳነው መራጭ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ካልሆነ በቀር የወደደውን ሰው ረዳት እንዲያደርግ ይፈቅዳል። ረዳትም ቢሆን ይነበብለት ዘንድ አንደበት ይሁን እንጂ ልብ አይሁንለት፤ ምርጫው የባለቤቱ ነው። ዜግነት ገና ያላገኘ ወገኔ ግን የመንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የምርጫ ምዝገባ ቅጽ ቢቀርብለት እንዳይፈርም አደራ እላለሁ፤ ባለማወቅ የተፈረመች አንዲት ወረቀት ከአገር እስከ መባረር ታደርሳለችና።

በ2024 እኒያ አባት ራሳቸው ጠሩኝ። መታወቂያቸውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በብጣሽ ወረቀት ላይ አምስት ጊዜ ያህል የላቲን ፊርማቸውን ተለማመዱ፤ ከዚያም በፖስታው ላይ ፈረሙ። ምልክት ሲያደርጉ እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ መለስኩ። የምርጫው ቀን ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው አብረን ወደ ሣጥኑ ሄድን፤ ልቀበላቸው እጄን ብዘረጋ “ይህን እኔ እጨምረዋለሁ” ብለው ከለከሉኝ። ከጥቂት ቀን በኋላም ፊርማው ተቀባይነት ማግኘቱን ልጃቸው አይታ ነገረቻቸው።

የፊተኛው ድምፃቸው ግን እስከ ዛሬ አልተቈጠረም፤ ወደ ፊትም አይቈጠርም። መምህር የተባልክ ሁሉ፣ ያስተማርከው ስሕተት ሆኖ ባገኘኸው ቀን፣ ኀፍረትህን ትተህ በዚያው ቀን የተማሪህን በር አንኳኳ።